የጣቢያው ውቀጣ

የናቩኒ መንደር ሰው ፖሊስ ጣቢያው ሥራ ላይ መሆኑን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ የባሕሩን ዳር ስታነድደው፣ ከጣቢያው ጓሮ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ይነሣል። የብረት ዘነዘና በብረት ሙቀጫ ውስጥ። ያን ጊዜ መንገደኛው «እሰይ፣ መንግሥት አለ» ብሎ ያልፋል። ፖሊሶቹ ያንጎና እየወቀጡ ነው ማለት ነው። የደረቀውን ሥር ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ በኮኮናት ቅል እየተቀባበሉ ምላሳቸው እስኪደነዝዝ ይጠጡታል። ጀልባዬ ተሰረቀ ብትል፣ አሳማዬ ታረደብኝ ብትል፣ ባሌ ፈነከተኝ ብትል፣ መልሱ ያው «ቅሉ ይዙርና እንነጋገራለን» ነው።

ውቀጣው ራሱ ነውር የለበትም። ያንጎና የማይጠጣ ወንድ በናቩኒ የለም፤ ድምፁ ከየቤቱ ሲሰማ ይውላል፣ ማንም ጆሮ አይሰጠውም። ሰውን ያንገበገበው ከጣቢያው ሌላ የሥራ ድምፅ አለመሰማቱ ነው። ቅሬታ ያለው ጽፎ በረንዳው ላይ በተሰቀለችው የእንጨት ሳጥን ይክተት ተባለ። የሳጥኗ ቁልፍ ደግሞ የጣቢያው አዛዥ ሳጅን ዋይሳኬ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ባለሱቋ ካምላ ስለ ሳጅኑ ጽፋ የከተተችውን ወረቀት እሱው ትምባሆ ጠቅልሎበት ሲያጨሰው በዓይኗ አይታለች። «ምን አለበት» ትላለች፣ «ቢያንስ ጭሱ ወደ በላይ አካል ሄዷል።»

በዚህ ቀልድ ቶሪካም ከሰው ጋር ስቃለች። ቶሪካ ባሏ የሞተባት፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ናት። አንድ ልጅ ነበራት፣ ጆፔ የሚባል ዓሣ አጥማጅ። ጆፔ እጁ ለመረብ፣ አፉ ለሳቅ የተፈጠረ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካምላ ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ ሳጅኑ ሆዱን ገፍቶ ሲወቅጥ፣ ከሳሽ ሲመጣ በዘነዘናው «ቆይ» ሲል፣ አንድ በአንድ እያስመሰለ ሰውን በሳቅ ገደለው። ሳጅኑ ከኋላው ቆሞ ነበር። አንገቱን ይዞ እየጎተተ ወሰደው።

ቶሪካ ወሬውን የሰማችው ቤተ ክርስቲያን ጓዳ ጎደሬ ስትልጥ ነው። ያን ቀን አዲሱ ሰባኪ ይገባል ተብሎ ሴቶቹ ሲቀቅሉ፣ ወንዶቹ በተዋሱት ሙቀጫ ያንጎና ሲወቅጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነበር። አልደነገጠችም። ጆፔ ለምላሱ ሲታሰር የመጀመሪያው አይደለም፤ ሲመሽ ይለቁታል። ከሰዓት በኋላ ድስት ልታመጣ ወደ ቤቷ ስትሄድ በጣቢያው በኩል አለፈች። ያው ኳ፣ ኳ ይላል። ካምላ ከሱቋ በር ሆና፣

«ሰማሽ እህቴ? ልጅሽን ቆልፈው እነሱ ይወቅጣሉ» አለቻት።

«ይወቅጡ» አለች ቶሪካ። «ሲጠጡ ልባቸው ይራራል። ማታ ራቱን ይዤለት እመጣለሁ።»

ማታ ራቱን ይዛ ስትመጣ «አምልጧል» አሏት። በማግስቱ ባሕሩ ሲሸሽ ጆፔ በባሕሩ ዳር ከበቀለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥሮች መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ሳጅኑ፣ ከፖሊስ ጋር ተደባድቦ በጓሮ ዘሎ ሲሸሽ ሰጠመ አለ። በሕፃንነቱ ከመራመዱ በፊት የዋኘ ልጅ ሰጠመ! ቶሪካ ራሷ አጠበችው። ጎድኑ ጠቁሯል። የቀኝ እጁ አንጓዎች ተልጠው ሥጋቸው ይታያል። ማንን ቢመታ ነው እጁ እንዲህ የሆነው? ሦስቱን ፖሊሶች በቀብሩ ዕለት አንድ በአንድ አየቻቸው። ፊታቸው ላይ ጭረት የለም።

አቤት አለች። ለወረዳው አቤት አለች፤ ወረዳው ለክፍለ ሀገሩ፣ ክፍለ ሀገሩ ለዋናው ከተማ፣ ዋናው ከተማ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» አላት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አንድ ቀን የሚመለከተው ክፍል ቤቷ ድረስ መጣ። ሳጅን ዋይሳኬ ነው። በሳጅን ዋይሳኬ ላይ የቀረበውን አቤቱታ እንዲያጣራ ሳጅን ዋይሳኬ ታዟል። እስክሪብቶውን አውጥቶ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «የተከሳሽ ስም?» አላት።

«እሱን እንኳ አንተው ሙላው» አለች ቶሪካ፤ ተነሥታም ወጣች።

ሳጅኑ ከዚያ በኋላ የመጣው ብቻውን አልነበረም። የአገሩን ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ታምቡዋ አሲዞ መጣ። ታምቡዋ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው፤ በተጎነጎነ ገመድ የታሰረ፣ ከብዙ እጅ የተነሣ እንደ ቅቤ ቢጫ የሆነ። ከሱ የሚበልጥ ነገር በናቩኒ የለም። ታምቡዋ ይዞ የመጣ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ ተቀባዩ እጁን አይዘረጋም። እጁ ከነካው ግን የተጠየቀው ሁሉ ተፈቀደ፤ ይግባኝ የለውም።

የቤተሰቡ አለቃ የሟቹ ባሏ ታላቅ ወንድም አፓኩኪ ነው። ደግ ሽማግሌ፤ እንባ የሚቀድመው። ከቀብሩ ጀምሮ ለሐዘን የመጣውን ታምቡዋ ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነበርና እጁ መዘርጋት ለምዷል። የሳጅኑ ሽማግሌ በርከክ ብሎ ስለ ጆፔ ወጣትነት፣ ስለ ባሕሩ ጭካኔ ሲናገር የአፓኩኪ እንባ መጣ፤ ለቅሶ የሚደርሱ መስሎት ንግግሩ ሳያልቅ ጥርሱን በሁለት እጁ ተቀበለው። ሽማግሌው ፈገግ ሳይል ቀጠለ፦

«...በዚህም ታምቡዋ በናንተና በሳጅኑ መካከል ያለው ነገር ሁሉ ከሟች ጋር ይቀበር።»

የመጡት ሰዎች መዳፋቸውን አጎድጉደው አጨበጨቡ። ቶሪካ ሴቶች ከሚቀመጡበት ከበሩ ሥር ብድግ አለች። በዚያ ቦታ ሴት አትናገርም፤ እሷ ግን ተናገረች።

«ጋሼ! ይመልሱት!»

አፓኩኪ ጥርሱን ጉልበቱ ላይ አኖረው። «እጄ ነክቶታል፣ ልጄ» አለ። «ምን ላድርግ? እጄ ነክቶታል።»

ሳምንት ሳይሞላ ከወረዳው መልስ መጣ፤ ሁለቱ ወገኖች በባህሉ መሠረት ስለታረቁ አቤቱታው ተዘግቷል። አቤቱታ ለመዝጋት ሲሆን ፈጣኖች ናቸው።

ቶሪካ አላለቀሰችም። ጥርሱን ከአፓኩኪ ግድግዳ አውርዳ ወደ መቃብሩ ሄደች። የናቩኒ መቃብር ሐዘኑ እስኪወጣ ሲሚንቶ አይደረግበትም፤ አሸዋ ነው። ገመዱን ሦስት ጊዜ ቋጠረችው፣ አሸዋውን በእጇ እስከ ክርኗ ማሰችና ጥርሱን ጆፔ ደረት ላይ በሚሆንበት ቦታ ቀበረችው። አፓኩኪ እያለከለከ ሲደርስ እጇን እያራገፈች ነበር።

«ምን አደረግሽ?»

«ከሟች ጋር ይቀበር አሉ አይደል? ቃላቸውን አከበርኩ።»

ሽማግሌው አሸዋው ላይ ዘጭ አለ። «የድሮ ሰዎች ለሞተ ወንድ ታምቡዋ የሚያስይዙት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ሰባኪው ቢሰማዎት ጋሼ!»

«ሰባኪው በዚያ መንገድ አልሄደም» አለ አፓኩኪ። «ሟቹ በመንገዱ ላይ የቫንድራ ዛፍ ያገኛል። ጥርሱን ይወረውራል። ከሳተ ብቻውን ይሄዳል። ከመታው ግን ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ሰው ይጠብቃል፤ አብሮት የሚሄድ ሰው። ድሮ ሚስቶቹ ነበሩ የሚከተሉት።»

«ጆፔ ሚስት የለውም።»

«የለውም።»

«ሚስት የሌለውስ?»

አፓኩኪ ወደ ባሕሩ ዞረ። ቶሪካም ገባት። አለመፍራቷ ራሷን አስገረማት። ከልጇ ሞት ወዲህ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም፤ አሁን አንድ ቦታ፣ አንድ ዛፍ ሥር፣ ሊጠብቃት ይችላል። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ድምፁ በዚያው ሰሞን ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ነው። ኳ። ኳ። ሰዉ «እሰይ፣ መንግሥት አለ» እያለ አለፈ። ካምላ ግን ከሱቋ አሻግራ ስታይ ሙቀጫው ታጥቦ ጣቢያው ደረጃ ላይ ተደፍቷል፤ ዘነዘናው ጎኑ ነው። ሦስቱም ፖሊሶች ባዶ እግራቸውን መንገድ ላይ ቆመው የገዛ ጣቢያቸውን ያያሉ።

«ማነው የሚወቅጠው?» ብላ ጮኸች።

«እኛም እሱን እየጠየቅን ነው» አላት አንደኛው፤ ድምፁ ተሰባብሯል።

ከጣቢያው ኋላ ሥሮቹን እንደ ምርኩዝ መሬት ላይ የተከለ አሮጌ ቫንድራ ነበር። አፓኩኪ ያወራው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ጆፔ እየወረወረ ነው! በማግስቱ ሰዉ ምንጣፉን ይዞ ከመንገዱ ማዶ ተቀመጠ፤ የራግቢ ጨዋታ ሊያይ የመጣ ይመስላል። ድምፁ ሲመጣ «ሳተ! ጣራውን ነው!» ይላሉ። «አሁን ደግሞ የውሃ በርሜሉን!» አንዱ ጎረምሳ፣ «ጆፔ እንኳን ዛፍ፣ በሕይወቱ ማንጎ መትቶ አያውቅም፤ እስኪሳካለት እናረጃለን» ብሎ ሰዉን አሳቀው። እውነት ለመናገር ሰዉ ደስ ብሎት ነበር። ስንት ዓመት እሱ ሲፈራቸው ኖሮ፣ ዛሬ እነሱ በረንዳቸው ላይ ለመቀመጥ ፈሩ። ሰው ሁሉ ጆፔ የሚጠብቀው ሳጅኑን ነው ብሎ ደምድሟል። እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ዝም አሉ።

ደስታው ግን አልቆየም። ውሾች በጣቢያው በኩል ማለፍ ተዉ። ድምፁ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይነሣል፤ መጀመሪያ ጠንካራና ፈጣን ነው፣ ከዚያ ይዘገያል፣ ከዚያ ይደክማል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ምቶች ጆሮ ካልሰጧቸው አይሰሙም። ልክ መዘምራንን የሚጠራው የቤተ ክርስቲያኑ የእንጨት ከበሮ ሊመታ ሲል ጸጥ ይላል። ቶሪካ አንድ ቀን ከሰዉ መሐል ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ወርዋሪ ሲደክመው እንዲህ አይደለም፣ አለች በልቧ። በየመሐሉ ያረፈ ክንድ ይበረታል እንጂ።

ሳጅኑ መጥረቢያ አመጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ማንም ሳያግዘው ቫንድራውን ጣለው። ሰዉ ቆሞ አየ፤ ቀልድ የሞከረ የለም። ዛፉ ከወደቀ በኋላ ሳጅኑ ላቡን ጠርጎ ሁሉንም በድል ዓይን ቃኛቸው። ሰዓቱ ደረሰ። ኳ፣ አለ። ኳ። ኳ። የሚመታ ዛፍ የለም፤ ድምፁ አለ። ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ምንጣፍ ያነጠፈ አልታየም።

እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ ቶሪካ ደጅ አፓኩኪና ካምላ ሌሎችም ጎረቤቶች ተቀምጠው ሳለ ሳጅን ዋይሳኬ መጣ። መለዮ አልለበሰም። ከስቷል። የሳጥኗ ቁልፍ አሁንም አንገቱ ላይ አለ። በሩ ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ።

«እማማ ቶሪካ፣ ጥርሱን ያውጡልኝ። እንቅልፍ የለኝም። ልጆች አሉኝ።»

«እኔም ነበረኝ» አለች።

«የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

ቶሪካ ስትጠይቅ የከረመችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረዳውንም ክፍለ ሀገሩንም የጠየቀችው። «ልጄ እንዴት ሞተ? እዚህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ንገረኝና ጥርሱን አወጣልሃለሁ። ከዋሸህ ግን እዚያው ይቆያል።»

ሳጅኑ መሬት መሬቱን እያየ ጀመረ። አልተደባደበም፣ አለ። እጁ ታስሮ ነበር። እኔ ነኝ የመታሁት። ደረቱን ረገጥኩት። ከዚያ እጁን ፈትቼ ክፍሉ ውስጥ ቆለፍኩበትና ወደ ጎረቤት ሄድኩ፤ ራዲዮ ላይ የራግቢ ጨዋታ ነበር። ስመለስ ሞቷል። ሲጨልም ተሸክመን ማንግሮቩ ውስጥ ጣልነው።

ካምላ «ውሻ!» አለች፤ አፓኩኪ በእጁ ዝም አሰኛት።

«አልጮኸም?» አለች ቶሪካ።

«ድምፅ አልወጣው አለ። ደረቱ... ትንፋሹ አጠረ። ስለዚህ በሩን ይመታ ነበር። የብረቱን በር። በእጁ። አንዱ ፖሊስ ራዲዮው ዘንድ መጥቶ 'እንክፈትለት?' ቢለኝ 'ይብቃው፣ ይደክመዋል' አልኩት። መዘምራን እስኪጠሩ ድረስ... ከዚያ ዝም አለ።»

የተላጡት አንጓዎች ቶሪካ ዓይን ፊት መጡ። ማንንም አልመታም ልጇ።

«ያን ቀን ከሰዓት በኋላ» አለች፣ «እናንተ ትወቅጡ ነበር። ሳልፍ ሰምቻለሁ።»

ሳጅኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «አይደለም፣ እማማ። ሙቀጫው ያን ቀን ጣቢያው አልነበረም። ለሰባኪው አቀባበል ብላችሁ ቤተ ክርስቲያን ተውሳችሁት ነበር እኮ።»

ቶሪካ ሙቀጫው ታያት። ያን ጠዋት አጠገቧ ነበር፤ የጎደሬውን ልጣጭ የያዘውን ገበታ አስደግፋበት ነበር። ይወቅጡ፣ ብላ ነበር። ካምላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እሷም ሰምታለች። አፓኩኪም መረብ ሊጠግን በዚያ አልፏል። ሰፈሩ በሙሉ ጓዝ ተሸክሞ በዚያ መንገድ ሲመላለስ ነበር የዋለው።

«የክፍሉ መስኮት» አለች ቶሪካ፣ «ወደየት ነው የሚያየው?»

«ወደ መንገዱ» አለ ሳጅኑ።

አፓኩኪ ተነሣ። ሲናገር ድምፁ ተለውጧል። «ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ዋናው ከተማ ድረስ እሄዳለሁ። አንተም አጠገቤ ትቀመጣለህ። ይሄንኑ እዚያ ትደግመዋለህ። የነካሁትን ጥርስ ያንን ያህል አክብሬዋለሁ፤ ከዚህ በላይ አላከብረውም።» ሳጅኑ ራሱን ነቀነቀ፤ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ መሬት ላይ አኖረው። ማንም አላነሣውም።

ቶሪካ ቃሏን ጠበቀች። መቃብሩ ዘንድ ሄዳ አሸዋውን እስከ ክርኗ ማሰች። ጥርሱ ባኖረችበት ቦታ፣ ባኖረችው አኳኋን ተኝቷል። ገመዱ በቋጠረችው በሦስቱ ቋጠሮ እንደታሰረ ነው። ማንም አልፈታውም፤ ማንም አልወረወረውም። አብሯት የመጣው አፓኩኪ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሷ ግን ሰዓቱን ከፀሐይዋ አየችና ጥርሱን ጨብጣ ወደ ጣቢያው ሮጠች።

መንገዱ ላይ ሳለች ጀመረ። ኳ። ኳ። በረንዳውን አልፋ፣ ባዶውን ቢሮ አልፋ፣ ከብረቱ በር ፊት ቆመች። በያንዳንዱ ምት ከማጠፊያው ላይ ዝገት ብን እያለ ይወርዳል። በሩን በመዳፏ ዳሰሰችው። ምቱ ከላይ አልነበረም። ጎንበስ እያለች ፈለገችው፤ ከጉልበቷ በታች፣ የተጋደመ ሰው እጁ በሚደርስበት ቦታ፣ ከውስጥ በኩል መዳፏን መታት። መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ምቱ እየዘገየ ነበር። ደከመ። በጥርሱ ጫፍ ከዚያው ቦታ ላይ፣ ከዚህ በኩል፣ አንድ ጊዜ መታች።

ውስጡ ጸጥ አለ። በጣም ጸጥ አለ፤ የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነበር።

«ሰማሁ ልጄ» አለች። «እናትህ ነኝ። አሁን ሰማሁ።»

ጉንጯን በሩ ላይ አድርጋ ቆየች። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ከበሮው ተመታ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ድምፅ ከጣቢያው ተሰምቶ አያውቅም።

በናቩኒ ዛሬም ያንጎና ይወቀጣል። አዲስ ፖሊሶች መጥተዋል፤ እነሱም ይወቅጣሉ። ግን ከየትም ቤት ይሁን ኳ፣ ኳ ሲል መንገደኛው ይቆምና «ማነው?» ይላል፤ ከውስጥ «ያንጎና ነው!» ካላሉት አያልፍም። ሕፃናት እንኳ ተምረውታል። ቶሪካ ግን መልሱ አይበቃትም። በሩን ከፍታ፣ ሙቀጫውን በዓይኗ አይታ ትሄዳለች።